ክሪስቲና ኮክ፦ መለዋወጫ በማይደርስበት ቦታ የሚሠራ ምሕንድስና

ኦክቶበር 11 ቀን 2019 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሁለት ጠፈርተኞች ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ወጥተው አዳዲስ ባትሪዎች ሲገጥሙ ዋሉ። ሥራቸውን ጨርሰው ከገቡ በኋላ ግን ከባትሪዎቹ አንዱ ኃይል አልሰጥ አለ። ባትሪው ምንም አልሆነም። አልነሣ ያለው ወደ ባትሪው የሚገባውንና ከእሱ የሚወጣውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው የመሙያ መሣሪያ ነበር። ይህ መሣሪያ ከ2000 ጀምሮ እዚያው ቦታ ላይ ሲሠራ ቆይቷል።

በሳምንቱ ኦክቶበር 18 የናሳ ጠፈርተኞች ክሪስቲና ኮክና ጄሲካ ሜየር መሣሪያውን ሊቀይሩ ወጡ። ዓለም ያን ቀን የሚያስታውሰው ሁለት ሴቶች ያለ ወንድ ባልደረባ በክፍት ጠፈር የሠሩበት የመጀመሪያ ቀን በመሆኑ ነው። ሶቪየታዊቷ ስቬትላና ሳቪትስካያ በ1984 መንገዱን ከከፈተች ወዲህ 14 ሴቶች ከመንኮራኩር ወጥተው ሠርተዋል፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ግን አብሯቸው የሚወጣው ሁልጊዜ ወንድ ነበር። ሜየር 15ኛዋ ሆነች። ታሪኩ ሊከበር የሚገባው ነው። ይሁን እንጂ የኮክን ሕይወት “የመጀመሪያዋ” በሚል ዝርዝር ብቻ የሚያነብ ሰው ዋናውን ነገር ያጣል። የዚህች መሐንዲስ ሙያ ከጅምሩ እስከ ዛሬ አንድ ነው፦ ባለሙያ መጥራትም ሆነ ዕቃ ማዘዝ በማይቻልበት ቦታ መሣሪያ እንዳይቆም ማድረግ። ክብረ ወሰኖቹ የመጡት ይህን ሥራ ስትሠራ ነው፤ አመጣጣቸውንም ስናይ የተበላሸ የመሙያ መሣሪያ፣ የመንኮራኩር መቀመጫ ድልድልና የልብስ መጠን እናገኛለን።

ከጃክሰንቪል እስከ ደቡብ ዋልታ

ኮክ በ1979 በሚሺጋን ግዛት ግራንድ ራፒድስ ተወልዳ በሰሜን ካሮላይና ጃክሰንቪል አደገች። በሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ምሕንድስናና ፊዚክስ ተማረች፤ የማስተርስ ዲግሪዋንም እዚያው በኤሌክትሪካል ምሕንድስና ያዘች። ቀጥሎ በሜሪላንድ በሚገኘው የናሳ ጎዳርድ ማዕከል ለጠፈር ሳይንስ መሣሪያዎች የምትሠራ መሐንዲስ ሆነች። ለጀማሪ መሐንዲስ ይህ ጥሩ ቦታ ነው። ብዙዎች እዚያው ይረጋሉ።

እሷ ግን በ2004 ወደ አሜሪካ የአንታርክቲካ ፕሮግራም ገባች፤ እስከ 2007 ድረስም በዚያ ሠራች፤ በደቡብ ዋልታው የአሙንድሰን ስኮት ጣቢያም ሙሉ ክረምት አሳለፈች። ጣቢያው ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር በላይ በሆነ የበረዶ ንጣፍ ላይ ነው ያለው። ከፌብሩዋሪ አጋማሽ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ባለው ጊዜ መደበኛ በረራ የለም፤ በዚያ ቅዝቃዜ የአውሮፕላን ነዳጅ ይረጋል፣ የሃይድሮሊክ ዘይትም ይወፍራል። ፀሐይ አንዴ ከጠለቀች ስድስት ወር ያህል አትወጣም። ኮክ እዚያ ሳለች ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 79 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ነበር። ፖስታ አይመጣም፣ ትኩስ አትክልት አይመጣም፣ መለዋወጫም አይመጣም።

እንዲህ ያለ ቦታ ለኤሌክትሪክ መሐንዲስ ምን ያስተምራል? የሽቦ ልባስ በቅዝቃዜ ይደርቅና ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ባትሪ አቅሙን ያጣል። ግራሶ ስለሚጠጥር ሞተር ለመነሣት ከወትሮው የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል። አየሩ እጅግ ደረቅ በመሆኑ በሰው አካል ላይ የሚጠራቀም ስታቲክ ኤሌክትሪክ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ በጣት ንክኪ ሊያቃጥል ይችላል፤ ስለዚህ ሠራተኛው ዕቃ ከመንካቱ በፊት ራሱን ከመሬት ሽቦ ጋር ማገናኘት ይለምዳል። የተበላሸውን ሳይጥል ለሌላ ጥገና ማቆየትም ልማድ ይሆናል። ኮክ በዚያው ዘመን የእሳት አደጋና የነፍስ አድን ቡድኖች አባል ነበረች። ይህ ትርፍ ሥራ እንዳይመስለን። መጠለያው ቢቃጠል መሄጃ በሌለበት ቦታ እሳት የሚያጠፉት ሠራተኞቹ ራሳቸው ናቸው። በጠፈር ጣቢያም እሳት ከሦስቱ ዋና ድንገተኛ አደጋዎች አንዱ ነው፤ ሁለቱ የአየር ግፊት መቀነስና የመርዛማ ጋዝ መፍሰስ ናቸው።

ከዚያ ተመልሳ ከ2007 እስከ 2009 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተግባራዊ ፊዚክስ ላቦራቶሪ ሠራች። የሠራችው የጨረር ቅንጣቶችን የሚለኩ መሣሪያዎችን ነው፤ መሣሪያዎቹ በኋላ ወደ ጁፒተር በተላከችው ጁኖና የምድርን የጨረር ቀበቶዎች ባጠኑት የቫን አለን መንኮራኩሮች ላይ ተጭነው ሄደዋል። ጨረር ለኤሌክትሮኒክስ ክፉ ጠላት ነው። በማስታወሻ ውስጥ ያለን ዜሮ ወደ አንድ ይገለብጣል፣ በማይተላለፍ ቁስ ውስጥ ቻርጅ አጠራቅሞ በድንገት ብልጭታ ይፈጥራል። ጁኖ ዋና ዋና ኤሌክትሮኒክሶቿን 1 ሳንቲሜትር ያህል ውፍረት ባለው የታይታኒየም ሣጥን ውስጥ የያዘችው በዚህ ምክንያት ነው። አንዴ የተወነጨፈን መንኮራኩር ማንም ሄዶ አይጠግነውም፤ ስለዚህ ንድፉ ላይ የተረሳ ነገር እንደተረሳ ይቀራል።

ቀጥሎ እንደገና ወደ ሩቅ ጣቢያዎች ተመለሰች፦ በአንታርክቲካ ፓልመር፣ በግሪንላንድ ሰሚት፣ ከዚያም በአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ሥር በአላስካ ባሮውና በአሜሪካን ሳሞዋ። በሳሞዋ የጣቢያው ኃላፊ ነበረች። በዋልታ መሣሪያ የሚገድለው ቅዝቃዜ ከሆነ፣ በሳሞዋ የሚገድለው ሶኬትና ማገናኛ የሚበላው የባሕር ጨው ነው። በጁን 2013 ናሳ ከ6,000 በላይ አመልካቾች ውስጥ ስምንት ሰው ሲመርጥ ከእነዚያ አንዷ እሷ ነበረች። ከስምንቱ አራቱ ሴቶች ነበሩ።

የባትሪው ሥራ

ጣቢያው ምድርን በ90 ደቂቃ ገደማ አንዴ ይዞራል። ከዚህ ውስጥ እስከ 35 ደቂቃ የሚሆነውን በምድር ጥላ ውስጥ ያሳልፋል፤ በዚያ ጊዜ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎቹ ምንም አያመነጩም። ስለዚህ ባትሪዎቹ በቀን 16 ጊዜ ያህል ይሞላሉ፣ 16 ጊዜ ያህል ይራገፋሉ፤ በዓመት ከ5,800 ጊዜ በላይ ማለት ነው። መጀመሪያ የነበሩት 48 የኒኬል ሃይድሮጅን ባትሪዎች ነበሩ። ከ2017 እስከ 2021 በተከናወነ ሥራ በ24 የሊትየም አዮን ባትሪዎች ተተኩ። አንዱ አዲስ የሁለት አሮጌዎችን ሥራ ይሠራል፤ ባዶ በቀረው ቦታ ላይ የኤሌክትሪክ መስመሩን የሚያገናኝ ሰሌዳ ይገጠማል።

ኮክ የደረሳት ክፍል ከሁሉም አስቸጋሪው ነበር። በጣቢያው የግራ ክንድ ዳር ላይ ያለው የኃይል ክፍል በጣም ሩቅ ስለሆነ የሮቦቱ ክንድ እዚያ ድረስ አይደርስም። በመሆኑም ጠፈርተኞቹ ባትሪዎቹን በእጅ ማጓጓዝ ነበረባቸው፦ አንደኛዋ ይዛ ትቆያለች፣ ሌላው ቀድሞ ሄዶ ራሱን በገመድ ያስራል፣ ይቀበላል፣ ከዚያ ያቀበለችው ታልፈዋለች። እንዲህ እየተቀባበሉ ይሄዳሉ። ክብደት የለም ማለት ሥራው ቀላል ነው ማለት አይደለም። የመሙያ መሣሪያው ብቻ መሬት ላይ 105 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ በጠፈር ክብደቱ ቢጠፋም ግዝፈቱ አይጠፋም። ለማንቀሳቀስ የወጣውን ያህል ጉልበት ለማቆም ያስፈልጋል። ፈጠን ብሎ የገፋ ሰው ዕቃውን ማቆም ያቅተውና ከሰሌዳ ጋር ያጋጨዋል።

የኦክቶበር 18ቱ ሥራ ቅደም ተከተል እንዲህ ነበር። ጣቢያው ውስጥ ያለው አየር እንደ መሬት 14.7 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ግፊት አለው፤ ልብሱ ውስጥ ያለው 4.3 ፒኤስአይ ብቻ፣ እሱም ንጹሕ ኦክስጅን ነው። በደም ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሳይወጣ ወደ ዝቅተኛው ግፊት የገባ ሰው አረፋ በመገጣጠሚያውና በነርቮቹ ላይ ተፈጥሮ ለከባድ ሕመም፣ አንዳንዴም ለሽባነት ሊዳርገው ይችላል። ስለዚህ ከመውጣት በፊት ንጹሕ ኦክስጅን ይተነፍሳሉ፣ የመውጫ ክፍሉ ግፊት በደረጃ ይቀነሳል፣ ልብሱን ለብሰውም ናይትሮጅኑ ቶሎ እንዲወጣ እግራቸውን ቀስ እያሉ ያንቀሳቅሳሉ። ይህ ብቻ ሰዓታት ይፈጃል። ሲወጡ የመጀመሪያው ሥራ የደህንነት ገመዱን መቆለፍና ቁልፉን ደጋግሞ ማየት ነው። ከዚያ ምትኩን መሣሪያ ከጣቢያው ውጭ ካለው የመለዋወጫ ማስቀመጫ አውጥተው ወደ ክንዱ ዳር ይወስዳሉ።

መሣሪያው ከመነካቱ በፊት በቴክሳስ ሂዩስተን ያሉት የናሳ ተቆጣጣሪዎች በዚያ መስመር ላይ ያለውን ኃይል ያቋርጣሉ። ይህ ካልሆነ ማገናኛው ሲላቀቅ ብልጭታ ሊፈጠር ይችላል። ከዚያ ብሎኖቹ በባትሪ በሚሠራ የሽጉጥ መያዣ ባለው መፍቻ ይፈታሉ። ይህ መፍቻ የዙር ብዛትና የማጥበቅ ኃይል ይቆጥራል፤ ብሎን ስንት ዙር እንደሚፈልግ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ቁጥሩ ሳይደርስ ከጠበቀ መሣሪያው ተዛንፎ ገብቷል ማለት ነው፤ ተፈትቶ እንደገና መገጠም አለበት። አዲሱ ተገጥሞ ኃይል ሲለቀቅለት ሥራ ጀመረ። የተበላሸውም ለምርመራ ወደ መሬት እንዲላክ ወደ መውጫ ክፍሉ ተወሰደ። ከሂዩስተን ሆና ሁለቱን በሬዲዮ የምትመራው ስቴፋኒ ዊልሰን ነበረች፤ እሷም መሐንዲስ ናት፣ ሦስት ጊዜ ሹትል በተባለው የናሳ መንኮራኩር በርራለች። ሥራው 7 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ወሰደ።

የቀሩት ባትሪዎች መሣሪያው በመበላሸቱ ወደ ጃኑዋሪ 2020 ተላለፉ፤ ጃኑዋሪ 15 እና 20 ኮክና ሜየር እንደገና አብረው ወጥተው የክፍሉን ሥራ ዘጉት። ኮክ በአጠቃላይ ስድስት ጊዜ ወጥታ 42 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ሠርታለች። ከስድስቱ አንዱም ለታሪክ ተብሎ የተዘጋጀ አልነበረም፤ ሁሉም በቀጥታ ወይም በተዘዋዋሪ ጣቢያውን ኃይል እንዳያጣ የማድረግ ሥራ ነበር።

መካከለኛ መጠን

ሁለት ሴቶች ብቻቸውን አብረው የወጡበት ታሪክ በማርች 29 ቀን 2019 ሊሆን ይችል ነበር። ኮክና ሌላዋ ጠፈርተኛ አን ማክሌን አብረው እንዲወጡ ታቅዶ ነበር። ከአንድ ሳምንት በፊት ማርች 22 ማክሌን ከኒክ ሄግ ጋር ወጥታ መካከለኛ መጠን ያለው ልብስ እንደሚስማማት አረጋገጠች፤ መሬት ላይ ስትለማመድ ግን በትልቁም ሠርታ ነበር። በጠፈር የአከርካሪ አጥንት ስለሚለጠጥ የሰው ቁመት ይጨምራል፤ መሬት ላይ የተለካው መጠን እዚያ ላይስማማ ይችላል። ኮክም የምትፈልገው መካከለኛ ነበር። ጣቢያው ላይ ለመውጣት የተዘጋጀው መካከለኛ ግን አንድ ብቻ ነው። ሌላኛውን አዘጋጅቶ መፈተሽ የብዙ ሰዓት ሥራ ይፈልጋል፤ ማርች 29 ደግሞ ቀርቧል። ስለዚህ ኮክ ከሄግ ጋር ወጣች፣ ማክሌን በኋላ ኤፕሪል 8 ከዳቪድ ሴንት ዣክ ጋር። ውሳኔው ትክክል ነበር። መጠኑ የማይስማማ ልብስ ለብሶ ሰባት ሰዓት መሥራት ለትከሻ ጉዳት ራስን ማጋለጥ ነው።

ችግሩ ግን ከዚያ ሳምንት በፊት ለረጅም ዓመታት የቆየ ነው። የልብሱ እጅጌና እግር በቀለበቶች ሊረዝምና ሊያጥር ይችላል። የደረቱ ክፍል ግን ከፋይበርግላስ የተሠራ ጠንካራ ቅርጽ ነው፤ አይስተካከልም፤ ትከሻው የሚዞርባቸው ሁለት ቀለበቶች በመካከላቸው ያለው ርቀትም የተወሰነ ነው። ሰፊ ደረት የለበሰ ጠባብ ትከሻ ያለው ሰው ክንዱን ወደ ፊት ሲዘረጋ ቀለበቱ ትከሻው ላይ ይፋተጋል፤ ሁለት እጁን ደረቱ ፊት ማገናኘትም ያስቸግረዋል፤ የክፍት ጠፈር ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው ደግሞ በዚያ ቦታ ነው። ለትናንሽ አካል የሚሆነውን መጠን የመሥራት ዕቅድ በወጪ ምክንያት ቀርቷል፤ የቀሩት መካከለኛ፣ ትልቅና በጣም ትልቅ ናቸው። በዚህ ምርጫ የተጎዱት ሴቶች ብቻ አይደሉም፤ አጫጭር ወንዶችም ናቸው። ነገር ግን በቁጥር የሴቶቹ ድርሻ ይበዛል።

በጓንቱ ላይ ያለው ችግር ከሁሉም ይከፋል። ልብሱ በግፊት ስለተነፋ ጣት ማጠፍ የተነፋ ኳስ እንደ መጭመቅ ነው፤ ሰባት ሰዓት ሙሉ። የእጅ መድከም፣ የጥፍር መነቀል የታወቁ ጉዳቶች ናቸው። ልብሱ ራሱ መሬት ላይ 127 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ትንሽ መንኮራኩር ነው፤ ውስጥ ለውስጥ ውሃ የሚያዘዋውሩ ቀጫጭን ቱቦዎች አካሉን ያቀዘቅዛሉ። ይህ ውሃ በ2013 ወደ ጣሊያናዊው ሉካ ፓርሚታኖ የራስ ቁር ፈስሶ ሊያሰምጠው ነበር። ኮክና ሜየር ሲወጡ የጣቢያው አዛዥ ይኸው ፓርሚታኖ ነበር።

328 ቀናት እንዴት መጡ

ኮክ ማርች 14 ቀን 2019 በሩሲያ መንኮራኩር ሶዩዝ ኤምኤስ 12 ከአሌክሴ ኦቭቺኒንና ከኒክ ሄግ ጋር ተነሣች፤ የተለመደው ቆይታ ስድስት ወር ገደማ ነው። ኤፕሪል ላይ ናሳ ቆይታዋ እንደሚራዘም አስታወቀ። ምክንያቱን ለመረዳት መቀመጫ መቁጠር ይበቃል። አሜሪካ ሹትልን በ2011 ካቆመች በኋላ እስከ 2020 ድረስ ሰው ወደ ጣቢያው የምትልከው በሩሲያው ሶዩዝ ነበር፤ ሶዩዝ ደግሞ ሦስት ሰው ብቻ ይይዛል። በሴፕቴምበር 2019 የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የመጀመሪያው ጠፈርተኛ ሃዛ አል መንሱሪ ለአጭር ጉብኝት ወጣ፤ ኦክቶበር 3 ከኦቭቺኒንና ከሄግ ጋር ሲመለስ የተቀመጠው በሦስተኛው ወንበር ላይ ነው። ኮክ ቆየች።

ዲሴምበር 28 ቀን 2019 በአንድ በረራ ለረጅም ጊዜ በጠፈር የቆየች ሴት የሚለውን የአሜሪካዊቷን የፔጊ ዊትሰንን የ289 ቀን ክብረ ወሰን አለፈች፤ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2020 በሶዩዝ ኤምኤስ 13 ካዛክስታን ላይ ስታርፍ 328 ቀን ሆኗት ነበር፤ ምድርን 5,248 ጊዜ ዞራለች። አጋጣሚ የሰጠውን ዕድል ሳይንስ ተጠቀመበት። ለረጅም ጊዜ በጠፈር የቆዩ ሰዎች መረጃ አብዛኛው የወንዶች ነው፤ ስለ ሴት አጥንት፣ ልብና ደም ሥር በስድስት ወር ሳይሆን በአንድ ዓመት አካባቢ ቆይታ የሚታወቀው ጥቂት ነበር። ጡንቻና አጥንት ካልሠሩ ክብደት የሚሸከሙ አጥንቶች በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ሊሳሱ ይችላሉ። መከላከያው በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያህል የሚወስድ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ነው፦ በማሰሪያ ወደ ታች የሚጎትት የመሮጫ ማሽን፣ ብስክሌት፣ እንዲሁም በቫኪዩም ሲሊንደር ክብደት የሚፈጥር የጉልበት ማሽን። ኮክ የአከርካሪ አጥንት ጥንካሬ ከበረራ በፊትና በኋላ በምስል በሚለካበት ጥናትም ተሳትፋለች።

በዚያ ጊዜ ውስጥ ከሠራቻቸው ጥገናዎች አንዱ አተሞችን ከፍጹም ዜሮ (ሊኖር ከሚችለው የመጨረሻው ቅዝቃዜ) በዲግሪ ጥቂት ክፍልፋይ ብቻ ከፍ ወዳለ ሙቀት የሚያቀዘቅዘውን ላቦራቶሪ ማሻሻል ነው። ይህ ከባትሪው ሥራ ተቃራኒ ነው። የሚጠይቀው ቀጫጭን የኦፕቲክ ፋይበር ማገናኛዎችን በጥንቃቄ ማጽዳትና መግጠም ነው፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ጫፉ ላይ ካረፈች የሌዘሩ ብርሃን ይዳከማል።

ከዚያ በኋላ

ኤፕሪል 3 ቀን 2023 ኮክ የናሳ የጨረቃ ፕሮግራም በሆነው አርተሚስ፣ በአርተሚስ 2 ቡድን ውስጥ ተመደበች፤ ከሪድ ዋይስማን፣ ከቪክተር ግሎቨርና ከካናዳዊው ጄረሚ ሀንሰን ጋር። ወደ ጨረቃ ለሚደረግ ተልዕኮ የተመደበች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ሲመደቡ ዕቅዱ ጨረቃን ዞሮ መመለስ ነበር፤ ወደ 10 ቀን የሚወስድ። ግሎቨር፣ ሜየር፣ ማክሌን፣ ሄግና በኦክቶበር 2019 ባትሪ አብሯት የገጠመው አንድሪው ሞርጋን ሁሉም በ2013 አብረዋት የተመረጡ ናቸው።

በ2022 ያለ ሰው የበረረው አርተሚስ 1 ሲመለስ የሙቀት መከላከያው ከ100 በላይ ቦታዎች ላይ ባልተጠበቀ መንገድ ተቦርቡሮ ተገኝቶ ነበር። ምርመራው እንዳሳየው በመከላከያው ቁስ ውስጥ የሚፈጠረው ጋዝ መውጫ አጥቶ ግፊት ፈጥሯል፣ የከሰለውንም ሽፋን ሰነጣጥቋል። ናሳ በዲሴምበር 2024 የአርተሚስ 2ን መከላከያ ሳይቀይር መንኮራኩሩ ወደ ከባቢ አየር የሚገባበትን መንገድ ለመለወጥ ወሰነ። ይህ ውሳኔ ብዙ ክርክር አስነሥቷል፤ የምሕንድስናው ጥያቄም ቀላል አይደለም።

ለዚህ ሥራ ማመልከት የሚፈልጉ ወጣቶች ማወቅ ያለባቸው ነገር አለ። በ2024 የወጣው የናሳ መስፈርት የአሜሪካ ዜግነት፣ በሳይንስ፣ በምሕንድስና፣ በሒሳብ ወይም በሕክምና ዘርፍ የማስተርስ ዲግሪ ወይም ተመጣጣኙን፣ እንዲሁም ቢያንስ ሦስት ዓመት የሥራ ልምድ ወይም በጄት አብራሪነት 1,000 ሰዓት ይጠይቅ ነበር። ጥምር ዜግነት በናሳ በኩል እንቅፋት አይሆንም፤ በአሜሪካ ላደጉ የትውልደ ኢትዮጵያ ልጆች በሩ ክፍት ነው። በዚያ ጥሪ ከ8,000 በላይ ሰው አመልክቶ በሴፕቴምበር 2025 አሥር ሰዎች ተመረጡ፤ ስድስቱ ሴቶች ናቸው። በናሳ ታሪክ ሴቶች ከወንዶች የበዙበት የመጀመሪያው ምድብ ነው።

እነዚህ ስድስት ሴቶች የሚለብሱት ልብስ ስለዚህ የሴቶቹ ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ ሳይለካ የቀረ ሰው ሥራ ሳይሠራ ይቀራል። የአርተሚስ ጠፈርተኞች በሚሳፈሩበት በኦራየን መንኮራኩር ውስጥ የሚለበሰው ብርቱካናማ ልብስ ለእያንዳንዱ ጠፈርተኛ በልኩ ይሠራል። ለጨረቃ መሬት የሚሆነውን ልብስ የሚሠራው አክሲየም ስፔስ የተባለው ኩባንያ ደግሞ ከ2022 ጀምሮ ውሉን ይዟል፤ በዕቅዱም ልብሱ ከአጭሯ ሴት እስከ ረጅሙ ወንድ፣ ከ1ኛ እስከ 99ኛ ፐርሰንታይል ያለውን አካል እንዲይዝ ነው የሚነደፈው።